ያለ ዘይት የሞላሁት ቤንዚን

ጥቅምት 4 ቀን 1974፣ ኮምቦልቻ
ከቦርከና በባልዲ እየቀዳሁ ጎመኑን አጠጣሁ። ወገቤ አለቀ። ከሰዓት ጋሽ ኑርሁሴን ከደሴ ወረዱ። ሞተር ጠጋኙ። ባሌ የሱፍ ከሞተ ወዲህ ቤቴን ሲረግጡ የመጀመሪያቸው ነው። ስድስት ዓመት...
«አሰብ ልሄድ ነው» አሉ። «ሰኞ ገበያ ሞተር የሚያመጣልኝ ጠፋ። መንገደኛ ነኝና አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ። የሱፍን የገደለው የኔ ጥገና ነው።»
አውፍ ብያለሁ አልኩ። እኔ! ምላሴ እንኳ አልተሳሰረም።

ጥቅምት 5
ዛሬም መጡ። የየሱፍን የሞተር መጋዝ ከተጠቀለለበት ማዳበሪያ አወጡ።
«መጋዝነቱ ይቅርበት። ሳልሄድ ውሃ መሳቢያ ላድርግልሽ።»
እምቢ ማለት ነበረብኝ። በምን ምክንያት?

ጥቅምት 7
በረንዳዬ ላይ ፈቱት። ፒስተኑ ዙሪያውን ተቧጭሯል። አገላብጠው አዩት።
«ወይ ዘይት አልገባውም፣ ወይ እኔ ፋሻውን፣ የፒስተኑን ቀለበት፣ አጥብቄዋለሁ። ያን ቀን ቤንዚኑ ላይ ዘይት ቀላቅለሽ ነበር?»
«እንደ ሁልጊዜው።»
«እንግዲያ እኔው ነኝ።»
ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

ጥቅምት 9
ፒስተኑን የሚከበው ፋሻ ሱቅ የለም። የሞተር ሳይክል ፋሻ በሞረድ እያሳሱ ሲገጥሙ ዋሉ። የጭስ መውጫውን አሰፉት። በሰንሰለቱ ቦታ ፓምፕ ተከሉ።
«ግማሹ ሞተር ሳይክል ሆነ። ቀበሌ ታርጋ እንዳይጠይቅሽ!»
ሳቅሁ። እንዴት እስቃለሁ?

ጥቅምት 11
እሳቸው ማንበብ አይችሉም። መጋዙ ሲገዛ የተሰጠውን፣ በአማርኛ የተባዛውን ወረቀት አንብቢልኝ አሉ።
«ሃያ አምስት እጅ ቤንዚን፣ አንድ እጅ ዘይት...»
ወረቀቱን አስቀመጥኩ። ነገርኳቸው። ያን ቀን ከየሱፍ ጋር ተኳርፈን ነበር። ዘይት አልቋል ብል ቀድሜ መናገሬ ነው። እልህ ያዘኝ። ባዶ ቤንዚን ሞላሁለት። ኩታበር ላይ ባህር ዛፉን ሲያጋምስ ሞተሩ ቆመ። ግንዱ ውስጥ ተነክሶ የቀረውን መጋዝ ሲጎትት ዛፉ ወደቀበት። ሰው ሁሉ ጥገናውን ረገመ። እኔም አብሬ አለቀስኩ።
«ይህን ሁሉ እያወቅሽ... አውፍ አልሽኝ?»
መፍቻቸውን ጠቅልለው ወጡ።

ጥቅምት 16
ሰኞ። ደሴ ገበያ ወጣሁ። እንጨት ሻጮቹ መሀል ቆሜ ተናገርኩ። ጋሽ ኑርሁሴን የሉበትም፣ ሞተሩን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ አልኩ።
«ለኩርፊያ ብለሽ? ባልሽን?» አለች አንዷ።
አንድ ሽማግሌ እግሬ ሥር ተፉ።

ጥቅምት 27
ጎረቤት ሰላም አይለኝም። ጋሽ ኑርሁሴን መጡ። ሳያናግሩኝ ሞተሩን አስነሱ። ውሃው ጎመኑ ድረስ ሄደ።
«አሰብስ?» አልኩ።
«ሦስት ሞተር መጥቶልኛል። ወዴት እሄዳለሁ?»
«አውፍ ይበሉኝ።»
እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ።
«አውፍ ማለቱ ከልቤ አልወጣልኝም፣ ረሂማ። ወላሂ ሞክሬያለሁ።»
እሺ አልኩ። እሳቸው እንደኔ የውሸት አውፍ አላሉም።