በየጁምዓው የነገርኩህ ቁጥር

ሐይቅ፣ ሰኞ፣ ኅዳር 22 ቀን 2018 ዓ.ም.

ወንድም ዓለሜ ዑበይድ፣

እንዴት እንደምጀምረው አላውቅም። ይህን ወረቀት ግን ብቻህን ሆነህ አታንብበው። ከአንተ ጋር የምርምር አይጦችህን የሚመግቡ አንዲት ሴትዮ አሉ ብለኸኝ ነበር። ጥራቸውና አጠገብህ ይቀመጡ። አማርኛ ባይችሉም ግድ የለም፤ ሰው ይኑር ብቻ።

ዋሽቼሃለሁ። ስድስት ጁምዓ ሙሉ ዋሽቼሃለሁ።

አባዬ የለም። ጥቅምት አስራ ሁለት ቀን፣ ረቡዕ፣ ከዙህር በፊት አረፈ። እናታችን አጠገብ ቀበርነው። ዛሬ የአርባውን ሰደቃ አወጣን። ታንኳው እንደተወው ዳር ላይ ተገልብጦ ተቀምጧል፤ የነካው ሰው የለም።

አይነገረው ያሉት አጎታችን ሀምዱ ናቸው። «መርዶ በስልክ ይነገራል እንዴ? ብራዚል ድረስ ሄዶ የሚያረዳው ማነው? ብቻውን ወድቆ ቢቀርስ!» አሉ። ሽማግሌዎቹም፣ ትምህርቱን ጨርሶ ሰኔ ላይ ሲመጣ ንጋት ላይ ተሰብስበን እናረዳዋለን ብለው ተስማሙ። እኔ በሩ ሥር ቆሜ ሰማሁ። እኔን ማን ይጠይቀኛል?

ስልኩን የማነሳው ግን እኔ ነኝ። በቀበርነው በሦስተኛው ቀን ደወልክ። «ሙጂባ፣ የአባዬን ትንፋሽ ቆጠርሽ? እግሩስ?» አልከኝ።

ለአባዬ ስለ አይጦችህ የነገርኩት ቀን ትዝ አለኝ። ከቀንድ አውጣ የወጣ ትል ያለበት ውኃ ውስጥ ጭራቸውን አንድ ሰዓት ትነክራለህ፤ ከዚያ ለብዙ ሳምንት ይበላሉ፣ ይሯሯጣሉ፣ የታመሙ አይመስሉም፤ በኋላ ግን የትሉ እንቁላል ሳንባቸውን ሲዘጋው ልባቸው እየገፋ፣ እየገፋ ይሰፋል አልኩት። መረቡን እየጠገነ ነበር። «አንድ ሰዓት?» ብሎ ሳቀ። «እኔ እዚህ ሐይቅ ውስጥ አርባ ዓመት ተነክሬያለሁ! ትልቁን አይጥ እቤቱ ትቶ ብራዚል ድረስ ምን አለፋው?» እኔም ሳቅሁ። ያን ጊዜ እግሩ ገና አላበጠም ነበር።

ሌላም ያልነገርኩህ አለ። ትምህርት ቤት ሳለሁ በየዓመቱ ቁመታችንን በእንጨት እየለኩ የቢልሃርዝያ ኪኒን ይሰጡን ነበር። ሦስት ዓመት አልዋጥኩትም። ለትልቅ ሰው አይሰጡም ነበርና ጉንጬ ውስጥ ደብቄ፣ በመሐረብ ጠቅልዬ ለአባዬ አመጣሁለት። ለእሱ የተላከ ነው አልኩት፤ አመነኝ። ደሴ ያየው ሐኪም ግን «ትሉ ሞቷል፤ ልቡ ግን አንዴ ሰፍቷል፣ አይመለስም» አለን። አባዬ ሲወጣ እጄን ይዞ «ሐኪሙ ያለውን ለዑበይድ እንዳትነግሪው። ልጄን ከሥራው አታስነሽብኝ» አለኝ። ስለዚህ ዝም አልኩ። እሱ ከሞተ በኋላም ዝም አልኩ።

አሁን ስለ ቁጥሩ ልንገርህ። ስለ ቁጥር መዋሸት አላወቅሁበትም። የሱን ከልቤ ፈጥሬ መናገር ደግሞ በአባዬ መቀለድ መሰለኝ። «ቆይ ቆጥሬ ልምጣ» ብዬህ ጓዳ ገባሁ። ያስተማርከኝን ሁሉ አደረግሁ። በደቂቃ ስንት ትንፋሽ እንደሆነ ቆጠርኩ፤ ቁርጭምጭሚቱን በክር ለካሁ፤ በጣቴ ተጭኜ ጉድጓዱ እስኪሞላ ጠበቅሁ።

የራሴን ነበር።

መጀመሪያ «አልሐምዱሊላህ፣ ተሽሎታል» አልክ። ምንኛ ደስ አለህ! በአራተኛው ጁምዓ «ትንሽ ጨምሯል» አልክ። ያለፈው ጁምዓ ግን ድምፅህ ተሰበረ። «ሙጂባ፣ ይህ ጥሩ አይደለም። ነገ ዛሬ ሳትሉ ደሴ ውሰዱት፣ ልቡን በመሣሪያ ይዩት። እንደ አይጦቼ ዝም ብሎ እንዳያመልጠን» ብለህ አለቀስክ። እኔ «እሺ» አልኩህ።

ስለ እኔ አታስብ። ውኃ ቀድቼ ዳገቱን ስወጣ ሁለት ቦታ አርፋለሁ፣ ያው ነው። ሴቶቹ «ሐዘን ነው፣ አብሽሪ» ይሉኛል። ሐዘን ይሆናል።

አላህ ሶብሩን ይስጥህ፣ ወንድሜ። ያባዬ ዱዓ ከላይህ አይለይ። በአንተ አልተቀየመም፤ እስከ መጨረሻው «አይጦቹ እንዴት ሆኑ?» እያለ ይጠይቀኝ ነበር። አንተም እነሱን ጥለህ እንዳትመጣ።

ይህን ወረቀት ባለሱቋ ሀዲያ በስልኳ አንስታ ትልክልሃለች። ከእኛ ጋር የምትኖረው አክስታችን ዋሲላ ደሴ ልሄድ ማሰቤን ገና አልሰማችም። ነገ ሱብሒ ሰግደን ስንጨርስ ነጠላዋን አምጥቼላት አብራኝ እንድትሄድ እጠይቃታለሁ። በመጀመሪያው ሚኒባስ ደሴ እንሄዳለን። ያልከኝን ሁሉ ለሐኪሞቹ እነግራቸዋለሁ፤ ቁጥሩንም በየጁምዓው የጻፍኩበት ደብተር አለኝ፣ እሱንም አሳያቸዋለሁ። የበሽተኛውን ስም ሲጠይቁኝ ግን ከእንግዲህ የአባዬን አልሰጥም፤ የራሴን እሰጣለሁ።

እህትህ ሙጂባ