ወርዋሪ ያጣ ቀላቢ

እሁድ፣ ማርች 5

ጠዋት ሜዳ። ዛሬም ሁለት ሙሉ ቡድን አልወጣንም። አምና እዚህ፣ ከተዘጋው ስኳር ፋብሪካ ጀርባ፣ ቤዝቦል ለመጫወት ተራ ይጠበቅ ነበር። አሁን ማን ቀረ... ግማሹ ማያሚ፣ ግማሹ ማድሪድ። በቀኝ በኩል የሚቆም ሰው ስለጠፋ ወደዚያ የመታ ይውጣ ተባብለናል።

ፖሎ ጥሩ ወረወረ። ክንዱ አላረጀም። እኔ ከመቺው ኋላ ቁጢጥ ብዬ በጣቴ ምልክት አሳየዋለሁ፣ በራሱ እሺ ይለኛል፣ የጠየቅኩትን ኳስ ይልካል። ከልጅነታችን ጀምሮ እንዲህ ነን። እሱ ወርዋሪ፣ እኔ ቀላቢ።

ፀጉር አስተካካዩ ኤውሴቢዮ ዱላ ይዞ ቆሞም አፉ አያርፍም። "ኒቫልዶ፣ ይሄ ሲጢጥ የሚለው ጉልበትህ ነው ወይስ በር?"

"ዘይት አምጣና ቀባው።"

ቀጥሎ አየር መታ፣ ደግሞ አየር፣ ደግሞ አየር።

ፖሎ አንድ መለኪያ እንኳ ሳይቀምስ ሄደ። ሥራ አለኝ አለ። እሁድ ምን ሥራ?

ረቡዕ፣ ማርች 8

ዝናብ። መብራት የለም። የሚለጠፍ ጎማ ያመጣልኝም የለም። ከራዲዮው ጋር ልከራከር ብል እሱም ባትሪ ጨርሷል።

እሁድ፣ ማርች 12

ፖሎ ሊሄድ ነው።

ከሱ አይደለም የሰማሁት። ኤውሴቢዮ ነው፣ ጫማውን እያሰረ፣ እንደ ዋዛ... "ከፖሎ በኋላ ማን ሊወረውርልን ነው?" ቀና ብዬ አየሁት። ያኔ ገባው። "አልነገረህም እንዴ?"

ሁሉም ያውቁ ነበር። ዳቦ ሻጩ ሳይቀር።

ከዚያ ምን ታደርጋለህ? ቁጢጥ አልኩ። ጨዋታው እስኪያልቅ አንድ ዓይነት ምልክት ብቻ አሳየሁት። ቀጥታ፣ ቀጥታ፣ ቀጥታ። ሲመቱትም ቀጥታ። እሱም እሺ፣ እሺ፣ እሺ።

ሲያልቅ ጠየቅኩት።

"መቼ ነው?"

"ሐሙስ። ታምፓ ያለው ልጄ ወረቀቱን ሁሉ ጨርሶልኛል።"

"ለኔ መቼ ልትነግረኝ ነበር?"

"ከጨዋታ በኋላ።"

"ከየትኛው ጨዋታ?"

መሬት መሬት አየ። "ለሌላው ሰው ተናገርኩት። አንተ ጋ ስደርስ አፌ አልከፈት አለኝ።"

ዕቃዬን ሰብስቤ ሄድኩ።

ሐሙስ፣ ማርች 16

ወደ ሃቫና የሚወስደው መኪና በሬ ላይ ቆመ። ጥሩንባ ነፋ። "ኒቫልዶ" አለ ፖሎ። ደግሞ "ኒቫልዶ" አለ።

እኔ ከበሩ ኋላ ነበርኩ። እጄ ላይ ግማሽ የተለጠፈ ጎማ... ማስቲሹ እየደረቀ። ልውጣ፣ አልውጣ። እህቱ ኦዳሊስ "ቤት የለም ማለት ነው፣ ይረፍድብሃል" ስትለው ሰማሁ። መኪናው ሄደ።

ለምን አልወጣሁም? ምን ይጎድልብኝ ነበር?

እሁድ፣ ማርች 19

የአናጺው ልጅ ወረወረ። ጎበዝ ክንድ፣ ጭንቅላት ግን የለም። አንዷን ደረቴ ላይ አሳረፈልኝ። ጣቴን ባሳየው "ይሄ ምንድን ነው?" ብሎ ጮኸ። ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ መሰለኝ።

ሳያልቅ ወጣሁ። ቤት ገብቼ ለረጅም ጊዜ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ከተፋታሁ ወዲህ ይሄ ቤት ዝም ያለ ነው፣ አዲስ ነገር የለውም። ዛሬ ግን ዝምታው ጆሮ ያደነቁራል።

እሁድ፣ ማርች 26

አልሄድኩም። ጩኸታቸው እዚህ ድረስ ይሰማል። ማን መታ? ማን ሮጠ? በድምፅ መለየት ይቻላል። የኤውሴቢዮ ሳቅ ነበር... ያለ እኔም ይስቃል ለካ።

እሁድ፣ ኤፕሪል 2

ጎረቤቴ ሚግዳሊያ በአጥር በኩል ጠራችኝ። የኔ ስልክ ለእንዲህ ያለ ነገር አይሆንም፣ ከውጭ የሚደውል ሁሉ በሷ ስልክ ነው የሚደውለው። "ፖሎ መስመር ላይ ነው፣ ና ቶሎ።"

"የለም በይው።"

"ድምፅህን እየሰማ?"

"የለም በይው አልኩሽ።"

እሁድ፣ ኤፕሪል 9

ሚግዳሊያ ቤት ዋልኩ። ባቄላ ለቀምኩላት፣ የሳሎኗን ወንበር እግር በሚስማር መታሁላት። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ለሌላ ሰው ጮኸ፣ ለኔ አልጮኸም።

"እንዲደውል ፈልገህ ነው?" አለች።

"ወንበሩ ተሰብሮ ነው።"

ዓርብ፣ ኤፕሪል 14

ኦዳሊስ ብስክሌቷን እየገፋች መጣች። ጎማውን ዳሰስኩት።

"ምንም አልሆነም እኮ።"

"አውቃለሁ።" የጎማው ክምር ላይ ተቀመጠች። ፖሎ የሄደ ዕለት ከበሩ ኋላ እንደነበርኩ ታውቃለች። እግሬን ከበሩ ሥር አይታዋለች። ለፖሎ ግን አልነገረችውም። "እየሄደ ላለ ሰው እንዲህ አይነገርም" አለች።

ፊቴን የት ላድርገው...

ወንድሟ ከሄደ ወዲህ ቤቱ ሰፍቷታል። እራት ስትበላ በሩን ከፍታ ነው፣ አላፊ አግዳሚ እንድታይ። ከዚያ እንዲህ አለች፦ "እሁድ እኔ ልወርውር።"

"አንቺ?"

"እሱ ግቢያችን ውስጥ ሲለማመድ ማን ይመልስለት የነበረ ይመስልሃል? ግድግዳው?"

"ኦዳሊስ፣ ሃምሳ አልፎሻል።"

"አንተ ስንት ነህ?"

እሁድ፣ ኤፕሪል 16

መጣች። በወንድሟ ኮፍያ።

"እመቤት፣ ቀስ ብለሽ፣ የልጆች አባት ነኝ" አለ ኤውሴቢዮ ዱላውን እያወዛወዘ። የመጀመሪያዋ ኳስ እኔ ጋ ሳትደርስ መሬት ነካች። ሁለተኛዋ ከራሴ በላይ አልፋ ቁጥቋጦ ገባች። ሳቅ በሳቅ። ሦስተኛዋ ቀስ ብላ መጣች፣ ቀስ ብላ፣ ከዚያ መቺው ፊት ስትደርስ ድንገት ቁልቁል ታጠፈች። ኤውሴቢዮ በራሱ ጉልበት ተሽከርክሮ ቂጡ ላይ ተቀመጠ። ማንም አልሳቀም። ከዚያ ሁሉም ሳቀ፣ እሱ ራሱ ቀድሞ።

እኔ ግን ተናድጄ ነው የዋልኩት። ምልክት አሳያታለሁ፣ እምቢ። ሌላ አሳያታለሁ፣ እምቢ። ተነስቼ ሄድኩባት።

"ፖሎ አንድ ቀን እምቢ ብሎኝ አያውቅም።"

"አውቃለሁ። ቤት መጥቶ ለኔ ነበር የሚነግረኝ። 'ዛሬም የማይሆን ኳስ አስወረወረኝ' እያለ።"

"ታዲያ ለምን አልነገረኝም?"

"እንድትከፋ አይፈልግማ።" ኳሱን ከእጄ ወሰደች። "እኔ ብትከፋም ግድ የለኝም። ሂድና ቁጢጥ በል።"

ማታ። ይሄን ሁሉ ዓመት እሺ ሲለኝ... ስንቱ እሺ እውነት ነበር? መሄዱንም ያው እንዳልከፋ ብሎ ነው የደበቀኝ። አንድ ጊዜ እንኳ እምቢ እንዲለኝ ፈቅጄለት አውቃለሁ?

እሁድ፣ ኤፕሪል 30

ተሸነፍን። በትንሹ። ከኦዳሊስ ጋር አራት ጊዜ ተጣላን፣ ሦስቱን እሷ ልክ ነበረች። አራተኛውን አላምንም።

ቤት ስገባ ያው ዝምታ። ጉልበቴን በሞቀ ውሃ። እራት ብቻዬን። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ እኔም በሩን ከፍቼ በላሁ። አንድ ውሻ አየኝና አለፈ።

ረቡዕ፣ ሜይ 10

የአናጺው ልጅም ሊሄድ ነው። ራሱ መጥቶ ነገረኝ። መልካም መንገድ አልኩት፣ እጁን ጨበጥኩት። ይሄን ያህል ቀላል ነው ለካ። ሲሄድ ግን እስከ መንገዱ መታጠፊያ ድረስ በዓይኔ ሸኘሁት።

እሁድ፣ ሜይ 14

ከሜዳ ስመለስ ሚግዳሊያ አጥሩ ላይ ቆማለች። ፖሎ ደውሎ ነበር። ሁለት ጊዜ። ስልኩ ሲጮህ እኔ ጨዋታ ላይ ነበርኩ።

"ምን አለ?"

"ምንም። ኒቫልዶ የት ሄደ አለ። ሜዳ አልኩት።"

"እሁድ ጠዋት አይደውል በይው። ማታ አለሁ።"

ማታ ደወለ። ስልኩን ይዤ ሚግዳሊያ በረንዳ ላይ ተቀመጥኩ።

"ጉልበትህ?" አለ።

"ያው ነው።" ከዚያ ሳላስበው ወጣኝ። "ፖሎ፣ ያን ቀን ቤት ነበርኩ።"

"እኔም ጠርጥሬ ነበር።"

እዚያ ስላለው ነገር ጠየቅኩት። ልጁ ከጠዋት እስከ ማታ ሥራ ላይ ነው። ከሕንፃው ኋላ አንድ ግድግዳ አለ፣ እሁድ እሁድ እሱ ላይ ይወረውራል። ጎረቤት በጩኸት ከሰሰው።

"እናንተ ጋ ማን ይወረውራል?"

"እህትህ። ምልክቴን አንዱንም አትሰማም።"

ሳቀ። እንደ ድሮው፣ እስኪያስለው። ሳቁ ረዘመ... ትንሽ ቆይቶ ግን ሳቅ አልነበረም። ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ፣ ልቅሶው እስኪወጣለት ጠበቅኩት።