ስታበርዳት ድምፅ ነበራት?

ውድ ጋሼ፣

ትናንት ስልኩ የተቋረጠው ዘግቼብዎ አይደለም፤ ልጆቹ ሲጠመጠሙብኝ ከእጄ ወድቆ ነው። ድምፄ ጨርሶ ተዘግቷል፣ ደስታው ግን አላስቀምጥ ብሎኛል፤ ልጅዎ ታንብብልዎ ብዬ ይኸው ጻፍኩ። አሸነፍን! ቡድናችን አይፈርስም!

ዓይንዎ ደክሞ አሰልጣኝነቱን ለእኔ ለረዳትዎ ከተዉልኝ ወዲህ፣ እንዳስለመዱን ልጆቹን በካልሲ እያሰለፍኩ መጋዘኑ አጠገብ ባለው ጠባብ ኮሪደር የመጣችን ኳስ በእግር ተቀብሎ ማብረድ ሳስተምር ከረምኩ። እንደ እርስዎ ዓይኔን ጨፍኜ አዳምጣለሁ፤ ኳሷ እግር ላይ ጧ ካለች ልጅቷ እንደገና ትጀምራለች። የክለቡ ሊቀመንበር ባለፉ ቁጥር ይቀልዱብኝ ነበር። እንቁላሉ በእግሩ እስኪሄድ ውድድሩ ያልቃል፣ ጎል መምታት አስተምሪያቸው ይሉኛል። በመጨረሻ ቀልዱን ትተው፣ የትናንቱን ጨዋታ ካላሸነፍን የሴቶቹን ቡድን እንደሚበትኑት ነገሩኝ።

አንድ ለአንድ ሆነን ሊያልቅ ሲል ኳሷ ከማዕዘን ተሻምታ ፌንጣ ጋ መጣች። ኳስ ከእግሯ እየዘለለ ሲያስቸግራት ይህን ስም ያወጡላት እርስዎ ነዎት። ሊቀመንበሩ ከወንበራቸው ተነስተው ምቺ ይላሉ፣ ወላጆች ምቺ ይላሉ፣ እኔም አፌ አላረፈም። እሷ እቴ! እግሯን አንስታ ኳሷን አበረደቻትና ራሷም ቀጥ አለች። ቆመች እኮ ጋሼ! ነፍሴ ልትወጣ ነበር። ትመታለች ብላ የተንሸራተተችው ተከላካይ በፊቷ አልፋ ሄደች፤ በረኛዋም ቀድማ ወደቀች። ፌንጣ ቀና ብላ ጥጉን አየችና በእግሯ ጎን ሰደደቻት። መረቡ ተነፋ።

ሊቀመንበሩ አቅፈውኝ ኮሪደሩን አሰፋልሻለሁ አሉኝ። በፈጠረዎት እንዳይነኩት ብዬ ለመንኳቸው።

ስለ ጎሉ በስልክ ስጮህልዎ እርስዎ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ስታበርዳት ድምፅ ነበራት?» ሳልመልስልዎ ስልኩ ወደቀ። ብመልስስ፣ በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል ምን ሰምቼ? ስለዚህ ራሷን ፌንጣን ጠየቅኳት። ጫማዋን እየፈታች ነበር፣ ቀናም አላለች።

«ጋሼ አጠገቤ ቢቆሙ እንኳ ኳሷ መድረሷን አያውቁም ነበር በይልኝ» አለችኝ።

ቅዳሜ ልጅዎ ይዛዎት ትምጣ። ወንበርዎን ኮሪደሩ ጫፍ ላይ አስቀምጬዋለሁ፤ የእርስዎን የሚያህል ጆሮ እኔ የለኝም።

ድምፅ አልባዋ ረዳትዎ