የጎበና ፉጨት

ናዝሬት፣ ግንቦት 1978 ዓ.ም.

ለእናቴ፣

እንዴት ከረምሽ? ወገብሽስ ተሻለው? የመተሐራ ሙቀትስ ትንሽ አዘነልሽ? እኔን ከወባ ትንኝና ከቀበሌ ስብሰባ በቀር የነካኝ የለም።

የላክኩልሽን የታናሽ ወንድሜን የጎበናን ካሴት ሰምተሽ፣ «ዘፈኑ ደግ ነው፤ ልጄ ግን የለበትም» ብለሽ የጻፍሽው ደርሶኛል። ሙዚቃ ቤት ውስጥ አራት ዓመት ስሠራ እንዲህ ያለ እርማት የሰጠኝ ባለሙያ የለም። እውነትሽን ነው። ልጅሽን ከዘፈኑ ውስጥ ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ኢኳላይዘር የሚሉት ሳጥን አለን። ፊቱ ላይ ዐሥር ትንንሽ ዘንጎች ተደርድረዋል። የግራዎቹን ዝቅ ስታደርጊ የድምፁ ውፍረት ይቀንሳል፤ የቀኞቹን ዝቅ ስታደርጊ ስለቱ ይደነዝዛል። የጎበና ድምፅ ከቤዝ ጊታሩ ጋር እየተጋፋ ሲያስቸግር የግራውን ቀነስኩ። ደግሞ «ሰ» ባለ ቁጥር በተሸረፈው የፊት ጥርሱ በኩል የምትወጣ ፉጨት አለች። የሙዚቃ ቤቱ ባለቤት ጋሽ ጂብሪል፣ «ይሄ ዘፋኝ ነው ወይስ ማንቆርቆሪያ?» አሉኝ። የቀኙንም ቀነስኩ። ጎበና አጠገቤ ቆሞ ሰማና፣ «አሁን ገና ሙሉ ጥርስ አወጣሁ» ብሎ ሳቀ። በሳምንቱ ለብሔራዊ ውትድርና ሄደ።

ስለ ጥርሱ ግን ያልነገርኩሽ አለ። ከጋሪ ላይ ወድቆ አይደለም። በሸንኮራ አገዳ የመታሁት እኔ ነኝ። ግርፊያሽን ፈርቼ ሳለቅስ፣ ደሙን እየተፋ «ወደቅኩ እላታለሁ፤ አንተ ዝም በል» ያለኝ እሱ ነው። ስምንት ዓመቱ ነበር። ለካ ዘንጉን ለማውረድ እጄ እንደዚያ የፈጠነው ለጋሽ ጂብሪል ብዬ አልነበረም።

ደግነቱ፣ ያልተነካው የመጀመሪያው ቅጂ አለ። ባዶ ቴፕ ከገበያ ስለጠፋ ጋሽ ጂብሪል ሌላ ዘፈን ሊቀዱበት ሲያስቡ ፍራሼ ሥር ደበቅኩት። ከእሱ የገለበጥኩትን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ። ውፍረቱም፣ ትንፋሹም፣ ፉጨቱም አለ። ቤዙ ይጮህብሻል፤ ቻይው። ዛሬውኑ ስሚው፤ ነገም ስሚው። እስከ ቅዳሜ ድረስ ደስ ብሎሽ፣ እየሳቅሽ ስሚው።

«ጎበና ለምን አይጽፍልኝም?» ላልሽው፣ ስመጣ እናወራለን። ቅዳሜ እመጣለሁ። አጎቴ መርዳሳና የድሮ ጎረቤታችን እትዬ ጤናዬም አብረውኝ ይመጣሉ። አጎቴ ሙቀት ስለማይችል ጎህ ሲቀድ ነው የምንደርሰው። ምንም አታዘጋጂ።

አምላክ ጉልበትሽን ያጽናልኝ፤ ልብሽንም።

ያለሁልሽ ልጅሽ