መስኮቱ በምስማር ስለተመታው ወፍጮ ቤታችን

ድሬ ዳዋ፣ ሰኔ 1971 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ ወልደጻድቅ
የቀበሌያችን የምርት ዘመቻ ኮሚቴ ሊቀመንበር

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል እላለሁ፤ የዘንድሮው ሙቀት እንዳይበረታብዎትና የቢሮዎ ቬንትሌተር መብራት እንዳይጠፋበት ከልብ እመኛለሁ። ሂስ ያለው ሰው በቀበሌው የግድግዳ ጋዜጣ ላይ ማውጣት ይችላል ብለው ባለፈው ስብሰባ ስለፈቀዱልን፣ ፈቃድዎን አክብሬ ይህን ጽፌያለሁ። ሸፊቃ እባላለሁ፤ እርስዎ ያሰሩት የተማም ሚስት ነኝ።

አንደኛ፦ ወፍጮ ቤታችን ትርፍ ቤት ተብሎ ሲወረስ ባዶውን ይቀራል ብለን ሰግተን ነበር። እርስዎ ከላይ መጣ ያሉትን የሐሺሽ ዘር ቤቱ ውስጥ አስተክለው ስጋታችንን ስላስወገዱልን አላህ ይስጥልን። ተክሉ ለገመድ እንጂ ለጭስ እንዳልሆነ፣ ወንዱ ቀድሞ ተነቅሎ ለስላሳ ቃጫ እንደሚሆን፣ ሴቷ ለዘር እንደምትቀር ሲያስረዱን አጨብጭበናል። ቤት ውስጥ የሚበቅለው፣ ቦዘኔ ቅጠሉን ቀንጥሶ እንዳያጨስ ነው ሲሉም አጨብጭበናል። ጭብጨባ ነፍገንዎት አናውቅም።

ሁለተኛ፦ ለአትክልተኝነት ተማምን መምረጥዎ ለቤታችን ትልቅ ክብር ነበር። ዕድሜውን ዱቄት ሲቅም የኖረ ሰው ስለ ተክል የሚያውቀው የለም። በግቢያችን ያለ ዛፍ አንድ ሮቃ ነው፤ እሱም ማንም ሳይነካው በራሱ ነው ያደገው።

ሦስተኛ፦ እርስዎ ከደጋ የመጡ ሰው ነዎትና ነፋስ ይፈራሉ፤ በአውቶቡስም መስኮት ሲያስዘጉ አይተንዎታል። ችግኙን ብርድ እንዳይመታው ብለው የወፍጮ ቤቱን መስኮቶች በምስማር አስመቱ፣ የበሩን ስንጥቅ በጨርቅ አስወተፉ፣ ሌባ እንዳይደፍርም ትልልቅ አምፖል ሲበራ እንዲያድር አዘዙ። በዚህ ወራት የድሬ ሰው አልጋውን ግቢ አውጥቶ እንደሚተኛ፣ በቀትር ሱቁን ዘግቶ ጥላ እንደሚፈልግ፣ ፍየል እንኳ ከቆርቆሮ ሥር እንደማትቆም ሁላችንም እያወቅን ዝም አልን። የተናገረው ተማም ብቻ ነው። «ጓድ፣ መስኮቱን እንክፈትለት፤ ይታፈናል» አለዎት። ሥራ ጠልቶ ነው ብለው ገሠጹት።

አራተኛ፦ የተፈራው ደረሰ። የቅጠሉ ዳር ተጠቅልሎ ቆመ። ለዘር ብለው የለዩአቸው ሴቶቹ ተክሎች በአንዱ ቅርንጫፍ የሴትም የወንድም አበባ አወጡ። እኔ የተማርኩ አይደለሁም፤ ለእኔ ግን የጭንቀት ሥራ ነው የመሰለኝ፣ መሞቷ የገባት ተክል ዘሯን ብቻዋን ለማትረፍ የምታደርገው። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል እንዲሉ፣ እርስዎ ስብሰባ ጠርተው ተክሎቹን መሐል ሰፋሪ አሏቸው፤ ለሁለት ወገን ያደሩ ናቸው ብለው ፈርደው አስነቀሏቸው። እስከዚህ ድረስ ስቀን ባለፍነው ነበር። ነገር ግን መሐል ሰፋሪ ተክል ያለ አሻጥረኛ አትክልተኛ አይበቅልም ብለው ተማምን ከመካከላችን አስወሰዱት። ያን ጊዜ ማንም አላጨበጨበም፤ አስተውለውት እንደሆነ አላውቅም። ጓድ ሊቀመንበር፣ እጠላዎታለሁ። ይህንንም በታላቅ አክብሮት ነው የምጽፈው።

አምስተኛ፦ የቀበሌው እስር ቤት ስለሞላ ባለቤቴን በገዛ ወፍጮ ቤቱ በማሰርዎ አመሰግናለሁ፤ ምሳ ለማመላለስ ቅርብ ነው። ጠባቂዎችዎም ሳህኑን ሲፈትሹ አጥብቀው ስለሚቀምሱልኝ ጨው ሲያንሰኝ ይነግሩኛል። መስኮቶቹ ግን እንደተመቱ ናቸው፤ ቆርቆሮውም ያው ቆርቆሮ ነው። ተማም መጀመሪያ አላጠፋሁም ብሎ ቃሉን እንደሰጠ፣ ከሰነበተ በኋላ ደግሞ አጥፍቻለሁ ብሎ እንደፈረመ፣ እርስዎም ሁለት ቃል የሚሰጥ ሰው ከሃዲ ነው እንዳሉ ሰማሁ። በዚያ ቤት ሁለት ዓይነት አበባ ያወጣ እሱ የመጀመሪያው አይደለም። የመጀመሪያዎቹን ነቅለው ጥለዋቸዋል፤ ባለቤቴን ግን እንዲነቅሉብኝ አልፈቅድም። ይፍቱት። መፍታቱ ለጊዜው የሚከብድ ከሆነም መስኮቱን ይክፈቱለት።

ስለ ችግኝ ብርድ እንኳ ለሚያስበው ርኅሩኅ ልብዎ አላህ ዕድሜ ይስጥልን እያልኩ፣ አብዮታዊ ሰላምታዬን ከቬንትሌተርዎ ፊት ዝቅ ብዬ አቀርባለሁ።

የታሳሪው ሚስት፣ የቀድሞው ወፍጮ ቤት የቀድሞ ባለቤት
ሸፊቃ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ከግድግዳው ሲያስነቅሉ የተሰቀለበትን ምስማር አደራ አይጣሉብኝ። ጠባቂዎችዎ ምሳውን ሲቀምሱ ከወፍጮ ቤቱ መስኮት የነቀልኩት ነው። መስኮቱ ላይ ገና ብዙ ምስማር አለ፤ እኔም ገና ብዙ የምጽፈው አለኝ።