የናትናኤል ፊልምና የኔ አፍ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4። ሱቅ፣ ከቀኑ 7 ሰዓት

ምሳ በልቼ ጨርሻለሁ። ክሩም በየቀለሙ ተደርድሯል፣ ቁልፉም በየጠርሙሱ ገብቷል። ገዢ ብቻ ነው የጠፋው። እና ስለ ትናንቱ ፊልም ላንቺ ለማስታወሻዬ ካልነገርኩ ለማን ልንገር? ኃይሉ እንደሆነ ታውቂዋለሽ። ባሌ ፊልም ሲጀመር ይተኛል፣ ሲያልቅ ይነቃና ጥሩ ነበር ይላል። እንዲህ ካለ ሰው ጋር ነው የምኖረው።

የአማርኛ ነው፣ ከዩቲዩብ። ድንች ሻጭ ናት የተባለችው ልጅ ጥፍሯ እንደ ማንኪያ ረዝሟል። ሽፋሽፍት አስቀጥላለች። በዚያ ጥፍር እንኳን ድንች ልትሸጥ አንድ ራስ ሽንኩርት አታነሳም። ሀብታሙ በመኪና ይገጫታል። ሆስፒታል ይወስዳታል። ዶክተሩ ማዳመጫውን አንገቱ ላይ ጥሎ ቆሟል፣ አንዴም ጆሮው ውስጥ አልከተተውም። ከዚያ ፍቅር። ከዚያ ያው ቪላ። ያ ደረጃ ያለው ቪላ የማን ነው ግን? በየፊልሙ አለ። ባለቤቶቹ የት እያደሩ ነው? ጁስ ይቀርባል፣ ማንም አይጠጣውም፣ ተቆጥተው ይነሳሉ። ስልክ ሲዘጋ ቻው የሚል የለም። ሥራ የሚገባ የለም። ሁሉም ሶፋ ላይ ነው።

እንዴት ደስ ብሎኝ ተሳደብኩ መሰለሽ። ልጄ ሕይወት ከክፍሏ ወጥታ ጎረቤት ይሰማል አለችኝ። ይስማ። ይማርበት።

ባለፈው እሷው ሞል ወስዳ ያሳየችኝ የአሜሪካኑ ደግሞ ይብሳል። መነጽር አድርጉ ተባልን። ሰዎች እየበረሩ ፎቅ ያፈርሳሉ። ከተማው በሙሉ ፈረሰ፣ አንድ ሰው እንኳን ዕቃዬን ላውጣ አላለም። ለፒያሳ ሰው እንዲህ ያለ ነገር አይዋጥለትም። መፍረስ ምን እንደሆነ እናውቃለን። መጀመሪያ ግድግዳው ላይ የመፍረሻ ምልክት ይቀባል፣ ከዚያ ቁም ሣጥኑ በየት በኩል ይውጣ ተብሎ ባልና ሚስት ይጣላሉ። እዚያ ግን ጀግናው አቧራ ላይ ቆሞ ይሳሳማል። ማን ነው የሚጠርገው?

ገዢ መጣ። ጥቁር ዚፕ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6። ቤት፣ ጠዋት

ሕይወት ወደ ባንክ ሥራዋ ከመሄዷ በፊት ቁጭ አድርጋ መከረችኝ። እኔን። የወለድኳት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ናትናኤል፣ ልጄን ሊያገባ የሚፈልገው ልጅ፣ የመጀመሪያ ፊልሙን እሑድ ያስመርቃል፣ እዚሁ ፒያሳ፣ በአሮጌው ሲኒማ ቤት። በሚቀጥለው እሑድ ደግሞ ሽማግሌ ይልካል። በሁለቱ እሑዶች መሃል ያለሁት እኔ ነኝ።

የፈራችው በሩን ነው። ከምርቃት ሲወጣ ማይክና ካሜራ የያዙ ልጆች ይቆማሉ። ፊልሙን እንዴት አገኙት? መልሱ ዱሮም ዘንድሮም አንድ ነው፦ በጣም ቆንጆ ነው፣ አስተማሪ ነው፣ ሁላችሁም መጥታችሁ እዩት። ውስጥ ሲያንኮራፋ የነበረው ሳይቀር ይሄንኑ ይላል። ሕይወት የለመነችኝ ያችኑ እንድልና ወደ ቤቴ እንድገባ ነው።

«እማዬ፣ አንድ ቀን ብቻ። አንድ ቀን ብቻ እንደ ሰው ሁኚልኝ።»

እንደ ሰው አለችኝ። ቅር አለኝ። ግን ዐይኗ እንባ ሞልቶት ነበር። ልጅቱ ከልቧ ነው የያዘችው። እሺ አልኩ። ቃል ገባሁ። መስታወት ፊት ቆሜ «አስተማሪ ነው» ብዬ ተለማመድኩ። ጥርስ እንደሚነቀል ሰው ነው የምመስለው።

ዓርብ፣ ጥቅምት 7። ቤት፣ ከሥራ መልስ

ለልምምድ ብዬ በአማርኛ የሚናገረውን የቱርኩን ተከታታይ ከፈትኩ። አንዲት በጎ ቃል ልናገርለት። ሴትዮዋ ካረገዘች ዓመት ሊሞላት ነው፣ አትወልድም። አማቷ በር ላይ ቆማ ታዳምጣለች። እነዚያ ሰዎች በር አይዘጉም? አያቲቱም ሕፃኑም በአንድ ሴት ድምፅ ነው የሚናገሩት። ሁለቱ ሲጨቃጨቁማ ሴትዮዋን ሐኪም ጋ ውሰዷት ያሰኛል።

በመጨረሻ መጋረጃቸው ቆንጆ ነው አልኩ። ሕይወት በቂ አይደለም አለች።

እሑድ፣ ጥቅምት 9። ቤት፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት

ወይ ጉዴ።

በሥርዓት ልንገርሽ። ከጊዮርጊስ ስንወጣ ጽጌ አብራኝ ነበረች፣ የድሮ ግቢያችን ጎረቤቴ፣ ሰፈሩ ሲፈርስ ኮንዶሚኒየም ደርሷት ከተማ ዳር የሄደችው። ለቅዳሴና ለሐሜት ግን አሁንም እዚሁ ነው የምትመጣው። ነጭ በነጭ ለብሰን ገባን። ቀይ ምንጣፍ አለ። ለናትናኤል ሰው አበባ አንገቱ ላይ አድርጎለታል፣ ሲያየኝ ጎንበስ ብሎ ሳመኝ። ተጨንቋል። አሳዘነኝ። ዛሬስ በፍጹም ክፉ አልናገርም አልኩ፣ እውነቴን ነው።

ፊልሙ ተጀመረ። ልጅቱ ዘፋኝ መሆን ትፈልጋለች። መንገድ ትሻገራለች። አታድርገው ናትናኤል፣ አታድርገው አልኩ በሆዴ።

በመኪና ተገጨች።

ከዚያ ሆስፒታሉ። ቪላው። ደረጃው። ጁሱ። ከዚያ በኋላ እኔና ጽጌ ስለ ልጅቱ ዊግ ስንከራከር ነበር፣ እሷ የራሷ ፀጉር ነው ትላለች፣ እኔ ያ ፀጉር ወደ ግራ ሲዞር ራሷ ወደ ቀኝ ነበር እላለሁ። ከኋላ ያሉት እሽ አሉን። አለቀ፣ ተጨበጨበ፣ ወጣን።

በር ላይ ማይክ። አንድ ቀጭን ልጅ።

«እናቴ፣ ፊልሙን እንዴት አገኙት?»

«በጣም ቆንጆ ነው፣ አስተማሪ ነው፣ ሁላችሁም መጥታችሁ እዩት።»

አንድ ትንፋሽ። ፍጹም። ሕይወትን አየኋት፣ ፊቷ በራ። እግሬን አነሳሁ። ያ የማይረባ ልጅ ግን ማይኩን ከአፌ ላይ አላነሳም።

«ምን አስተማረዎት?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ ማን ይጠይቃል? ተጠይቆም አያውቅም። ሰው ሁሉ ዞሮ ያየኛል። አእምሮዬ ባዶ። እኔ፣ ቃል አጥሮኝ የማያውቀው ሰው። ከዚያ አፌ ራሱ ተናገረ፣ እኔ የለሁበትም።

«መንገድ ስሻገር ግራና ቀኝ እንዳይ። እዚህ አገር በመኪና የተገጨች ሁሉ ትዳር ይዛ ነው የምትነሳው።»

ሰው ፈነዳ። ጽጌ ግድግዳ ይዛ ሳቀች። እኔም፣ ምን ልዋሽሽ፣ ሳቅኩ። ዞር ስል ናትናኤል ኋላዬ ቆሟል፣ አበባው አንገቱ ላይ። ሕይወት የለችም። ሄዳለች።

ሰኞ፣ ጥቅምት 10። ሱቅ

ቪዲዮው በየሰዉ ስልክ ላይ ነው። ልብስ ሰፊዎቹ መጥተው «እትዬ ገነት፣ ግራና ቀኝ አይተው ነው የተሻገሩት?» ይሉኛል። ማኪያቶ የምጠጣበት ቤት አስተናጋጇ ሒሳብ አልቀበልም አለች። አልደብቅሽም፣ ጠዋት ደስ ብሎኝ ነበር።

ሕይወት ቁርስ አልበላችም። ሰላምም አላለችኝ። ናትናኤል ስልክ አያነሳላትም። እሷም የኔን አታነሳም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11። ሱቅ፣ ከሰዓት በኋላ

የናትናኤል ቤተሰብ ሰው ልኳል። እሑድ አይመቸንም፣ ሌላ ቀን ይሁን አሉ። ቀኑን አልጠሩም። ቀን ያልተጠራለት ሽማግሌ ቀረ ማለት ነው፣ ሁሉም ሰው ያውቀዋል።

ሕይወት ሰምታ ክፍሏ ገባች። ኃይሉ ነው የተናገረው። ሃያ ምናምን ዓመት ስሳደብ ዝም ያለኝ ሰው፣ ሬዲዮኑን ዝቅ አደረገና «ልጅቱን ገፍተሻታል» አለኝ። መልሶ ከፍ አደረገው።

ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብዬ ቁልፍ እቆጥራለሁ እንጂ ሐሳቤ እዚያ የለም። አንድ ደንበኛ ሊያስቀኝ ሞከረ፣ ተቆጣሁት።

ይቅርታ ልጠይቀው? ምን ብዬ? ፊልምህ ቆንጆ ነበር ብዬ? እውነቱን ከሰማ በኋላ ያንን ብለው ስድብ ይሆንበታል። ልጁ እንደሆነ ፋራ አይደለም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13። ቤት፣ ከቀኑ 11 ሰዓት

ሱቁን ዘግቼ የናትናኤልን ፊልም የ8 ሰዓቱን ገባሁ። ለብቻዬ። ተመልካች እዚህም እዚያም ጠብ ጠብ ብሏል። አንድ ጥሩ ነገር ላገኝ ነው የሄድኩት። አንዲት። ሳልዋሽ የምናገራት።

መኪናው ገጫት። አሁንም ያናድዳል። ቪላው መጣ። ዊጉ ዊግ ነው፣ ጽጌ ተሸንፋለች። ጥርሴን ነክሼ አየሁ። አጠገቤ የማወራው ሰው የለም፣ ስለዚህ አላወራሁም። ጨለማ ውስጥ ዝም ብሎ መቀመጥ እንዲህ ይረዝማል እንዴ?

ከዚያ፣ መሃል ላይ፣ ልጅቱ ሀብታሙ ትቷት ወደ አባቷ ቤት ትመጣለች። አባትየው በረንዳ ላይ ናቸው። ታለቅሳለች። ምን ሆንሽ አይሏትም። ከፌስታል ብርቱካን አወጡ። በትንሽ ቢላ ይልጣሉ፣ ቀስ ብለው፣ ልጣጩ ሳይበጠስ። አንድ ክፋይ ጉልበቷ ላይ አስቀመጡ። አልነካችውም። ሌላውን ወሰዱና ፍሬውን በአውራ ጣታቸው አወጡላት። አስቀመጡ። ሙዚቃ የለም። በዚያ ፊልም ውስጥ ሙዚቃ የሌለበት ቦታ እሱ ብቻ ነው። ቆይታ ቆይታ አንዱን በላች። አባትየው ቢላውን በሱሪያቸው ጠረጉ። አለቀ።

አላለቀስኩም። አፍንጫዬ ነው።

እሑድ ይሄ ሁሉ ሲሆን እኔ ስለ ዊግ ሳወራ ነበር።

ስወጣ በር ላይ ካሜራ የለም። ናትናኤል ግን አለ፣ ከራሱ ፖስተር ሥር ለብቻው ቆሞ የሚገባ የሚወጣውን ያያል። ከሳ። ሲያየኝ ሰላም አለኝ፣ በሥርዓት፣ እንደማያውቀኝ ሰው። አፌን ያዝ አድርጌ ጀመርኩ።

«ፊልምህ አሁንም መጥፎ ነው። ተስፋ እንዳታደርግ።»

«አውቃለሁ፣ እትዬ። ነግረውኛል።»

«ብርቱካኑን የሚልጡት ሰውዬ ግን፣ እሱን ከየት አመጣኸው?»

አጎቱ ናቸው፣ ተዋናይ አይደሉም፣ ጽሑፍም አልሰጣቸውም፣ እንዲሁ ቢላና ብርቱካን ነው ያቀበላቸው። ይህን ሁሉ እግሩን እያየ ነው የነገረኝ። ከዚያ ቀና አለ።

«አብረውኝ የሠሩት ሁሉ ቁረጠው ብለውኝ ነበር። ምንም አይፈጠርበትም ብለው።»

«ምንም ስለማይፈጠርበት እኮ ነው ያማረው።»

«እና ይህን ያን ቀን ለምን አላሉልኝም?»

«አላየሁትማ። እያወራሁ ነበር።»

መጀመሪያ በአፍንጫው ነው የሳቀው፣ ከዚያ ሙሉውን። ትኬት ቆራጩ ሳይቀር ዞሮ አየን። ሌላውስ አለኝ። ሌላው ገደል ይግባ አልኩት። ዶክተሩን፣ ጁሱን፣ ቪላውን አንድ በአንድ አነሳሁለት፣ እስከ ምኒልክ አደባባይ ሸኝቶኝ እያዳመጠ፣ አንዳንዱን እየተከራከረኝ። ቪላው የጓደኛው አክስት ቤት ነው አሉ። ሴትዮዋ ፊልም ሲቀረጽ ጓዳ ውስጥ ነው የሚቀመጡት። አንጀቴን በሉት።

ባቡሩ አለፈ፣ ድምፁ እስኪያልፍ ቆምን። ይቅርታ አልኩት። እሑድ ስላልኩት አይደለም፣ ሳላይ ስለተናገርኩ። ገባው መሰለኝ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14። ቤት

ሕይወት ከሥራ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። ናትናኤል እሑድ ሽማግሌ እልካለሁ አለኝ፣ ምን ብለሽው ነው አለችኝ። ነገርኳት፣ መጥፎ ነው ማለቴንም ጭምር። አንገቷን ስትነቀንቅ ቆየችና ለእሑድ መጋረጃው ይታጠብ አለች።

ይታጠባል። ሁሉም ይታጠባል።

እሑድ፣ ጥቅምት 16። ጓዳ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

ወጉ ሽማግሌ በመጀመሪያው ቀን ቤተ ዘመድ ይምከርበት ተብሎ መመለስ ነው። የኃይሉ ወንድም ያንን ለማለት ከራቫት ሁሉ አድርጎ መጥቷል። ጠዋት ለሁለቱም ነገርኳቸው፦ አይመለሱም። ልጁን አንዴ በአደባባይ መልሼዋለሁ፣ ይበቃል። ዛሬውኑ እሺ ይባላሉ። ወንድምየው ወግ ይፈርሳል አለ። የፈረሰ ብዙ አይተናል አልኩት። ኃይሉ ራሱን ነቀነቀ፣ ከኔ ጋር ነው።

ሌላም ወስኛለሁ። ዛሬ አፌ ይዘጋል። ወንዶቹ ሳሎን፣ እኔና ልጄና ጽጌ እዚህ ከመጋረጃ ጀርባ። እስኪጨርሱ አንድ ቃል አልተነፍስም።

መጡ። አራት ናቸው። ተቀመጡ ሲባሉ ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም አሉ፣ ቆመዋል። ትልቁ ሰውዬ ጉሮሯቸውን ጠርገው ጀመሩ። ከአዳም ነው የጀመሩት። ሕይወት ግራ እጄን ይዛለች፣ በቀኜ እጽፋለሁ። ጽጌ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ፣ አላየኋትም። ዝም ብያለሁ። እያዳመጥኩ ነው። አሁን ኖኅ ጋ ደርሰዋል። ማስታወሻዬ፣ ምስክሬ ነሽ፣ ዝም ብያለሁ፣ ግን ይሄ መግቢያ ትንሽ እንኳን ቢያጥር