በዓል አክባሪዋ ፀሐይና የእኔ ማረሻ

ለተከበሩ የፀሐይ ጠባይ ክትትልና ትንበያ ጣቢያ ኃላፊ፣
ካሉበት ወንበር ላይ፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? የሰማዩም የምድሩም ማዕበል ሳይነካዎ ይህች ደብዳቤ እንድትደርስዎ እመኛለሁ። እኔ ከላሊበላ ወደ ነአኩቶ ለአብ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ማሳዬ ከጣቢያዎ አጥር ጋር የሚዋሰነው ገበሬ ቢተው ነኝ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ትእዛዝዎ እስኪደርሰኝ ድረስ ደኅና ነበርኩ።

በቅድሚያ ምስጋናዬን ላቅርብ። ፀሐይ አልፎ አልፎ እንደምትቆጣ፣ ቁጣዋም ሬዲዮ እንደሚያውክና የምድርን መግነጢስ እንደሚያናውጥ፣ ይህንንም ከአጥሩ ሥር የቀበራችሁት መሣሪያ እንደሚለካ ያስተማሩን እርስዎ ነዎት። በበራችሁ ላይ በሰቀላችሁት ሰሌዳም በየማታው «ዛሬ ኃይለኛ የፀሐይ ማዕበል ነበር» እያላችሁ ታስጠነቅቁናላችሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚሉ ምቀኞች አይጠፉም፤ እኔ ግን የለሁበትም።

አቤቱታዬ እንደሚከተለው ነው።

1. እንደ ሰሌዳችሁ ከሆነ፣ ከግንቦት ወዲህ ፀሐይ በሥራ ቀን ስትናወጥ ትውልና እሑድ ጸጥ ትላለች። በሚካኤል ጸጥ፣ በማርያም ጸጥ፣ በበዓለ ወልድም ጸጥ። ባለሙያዎችዎ ይህን «እስከ ዛሬ ያልታወቀ የፀሐይ ዑደት» ብለው ሲያበስሩን ደስታችን ወሰን አልነበረውም። የእግዚአብሔር ፍጥረት መሆኗን እናውቅ ነበር፤ ክርስትና መነሳቷን ግን አልሰማንም። ማረሻዬን የሸጠልኝ ነጋዴው ወዳጄ ሐምዳን ብቻ፣ ጁምዓን ስለማታከብር ቅር ብሎታል።

2. አገር እንደሚያውቀው እኔ በእነዚያ በዓላት በሬ አልጠምድም። በቀሩት ቀናት ግን የብረት ማረሻዬን ይዤ በአጥራችሁ ሥር ስመላለስ እውላለሁ። ባለፈው ሳምንት ይዘውልኝ የመጡት ትእዛዝ በአንዱ መስመር ብረት መሣሪያውን ያሳስታል ይላል፤ በሚቀጥለው መስመር ደግሞ የፀሐይ ማዕበሉ እስኪበርድ እርሻ ይቁም ይላል። ሁለቱ መስመሮች ጎረቤት ሆነው ሳይተዋወቁ መኖራቸው አሳዝኖኛል።

3. ማዕበሉ የሚበርደው እኔ ሳላርስ ነው፤ እኔ ካላረስኩ ደግሞ ገብስ የለም። ያለኝ ማሳ ይኸው አንዱ ነው። ሰኔ ሊያልቅ ነው፣ ዝናቡ ገብቷል፣ ዘሩም ከጎተራ ወጥቶ ቁጭ ብሏል። ባለቤቴ ፋና ለሚመጣው ዓመት ልጆቹን ምን እናበላለን ብላ ስትጠይቀኝ የእናንተን ትንበያ ልነግራት አፈርኩ። ቀልዱን ትቼ እውነቱን ልናገርና፣ ፈርቻለሁ።

ስለሆነም አንድ ነገር በትሕትና እለምናለሁ። ማሳዬ ከአባቴ የወረስኩት ስለሆነ መንቀሳቀስ አልለመደም፤ መሣሪያዎ ግን በመኪና እንደመጣ በመኪና ወደ ሌላ ጉብታ መሄድ ይችላል።

ፀሐይን በጥንድ በሬ ማናወጡ በሰሌዳችሁ የተመሰከረለት፣ ለክብርዎም ከወገቡ ዝቅ ብሎ እጅ የሚነሳው ጎረቤትዎ፣
ገበሬ ቢተው ከፋለ
ላስታ

ሳልረሳው፦ ፀሐይ በዓል የሻረችው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ትእዛዙን ይዘው በመጡበት በገብርኤል ዕለት። በሬዎቼ ቤታቸው ተኝተው ሳለ፣ ማታ ሰሌዳው ላይ «የዓመቱ እጅግ ኃይለኛ ማዕበል» ተብሎ ተጻፈ። መኪናዎ ከመሣሪያው አጠገብ ቆሞ ነበር የዋለው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኸው ነው። እንግዲህ እኔ ነገ በሬዎቼን እጠምዳለሁ፤ እርስዎም ሊከለክሉኝ ከመጡ፣ ለፀሐይ ሲሉ በእግርዎ ይምጡ።